አለመስማት ድንቁርና አይደለም

«ደንቆሮ» የሚል ስድብ አለ። ይህ አንድ ቃል ለሁለት ዓይነት ሰው ይነገራል። ጆሮው ለማይሰማ ሰው ይነገራል። ላልተማረ ሰውም ይነገራል። እኛ በጂንካ በማታ የምንማር ጎልማሶች ቃሉን በደንብ እናውቀዋለን። ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ተሰድበንበታል። ዛሬ ስማችንን እንጽፋለን። ታዲያ ጆሮው የማይሰማ ሰውስ ለምን ይሰደባል? የተጎዳው ጆሮው ነው እንጂ አእምሮው አይደለም።

በእኛ አገር፣ በደቡብ ኦሞ፣ ይህ ችግር ቶሎ አይታወቅም። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ሲቆም የአሪው፣ የበናው፣ የሐመሩና የሙርሲው ቋንቋ አንድ ላይ ይሰማል። አንድ ሰው ተጠርቶ ዝም ሲል «ቋንቋችንን አያውቅም» ብለን እናልፈዋለን። ልጅ ዝም ሲል «እልኸኛ ነው» እንላለን። «እርግማን ነው» የሚልም አይጠፋም። ልጁ ግን አልሰማም እኮ!

ጆሮ እንዴት ይሰማል? ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ይገባና የጆሮን ታምቡር ያንቀጠቅጣል። ከታምቡሩ በስተጀርባ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። እነርሱ ድምፁን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ከዚያ ነርቭ ወደ አንጎል ይወስደዋል። ይህ መንገድ የትም ላይ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የመስማት ችግር ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው፣ ድምፅ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የሚያግድ ነው። ኩክ ሲጠጥር ጆሮ ይደፈናል። ጉንፋን የሚደጋግመው ሕፃን ጆሮው ይመግላል፤ ታምቡሩም ሊበሳ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ታክሞ ይድናል።

ሁለተኛው፣ የውስጠኛው ጆሮ ወይም የነርቩ ጉዳት ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍ ሊያመጡት ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ሴት የጀርመን ኩፍኝ ከያዛት ሕፃኑ ሳይሰማ ሊወለድ ይችላል። በምጥ ጊዜ የታፈነ ሕፃንም ሊጎዳ ይችላል። በዘር የሚመጣ አለ፤ በእርጅና የሚመጣም አለ። እንደ ጄንታማይሲን ያለ መርፌ ያለ ሐኪም ቁጥጥር ሲወሰድ ጆሮን ይጎዳል። ከባድ ድምፅም ጠላት ነው። ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ወይም ጠመንጃ የሚተኩስ እረኛ ጆሮው ሊደክም ይችላል። ይህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ አይድንም።

ሦስተኛው፣ ሁለቱ የተደባለቁበት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በመስማት ችግር ምክንያት እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። በልጆች ላይ ከሚደርሰው ደግሞ ከ100 ወደ 60 የሚሆነውን መከላከል ይቻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ልጆቻችንን በ9 ወርና በ15 ወር የኩፍኝ ክትባት እናስከትብ። እናቶች በጤና ጣቢያ ይውለዱ። ጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ ላባ፣ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አናግባ። መግል ሲወጣ «ይተወዋል» አንበል፤ ቶሎ እናሳክም። አጠገባችን ላለ ሰው ለመናገር መጮህ ካስፈለገን፣ ያ ቦታ ጆሮ ይጎዳልና ጆሯችንን እንሸፍን። ሕፃን ከኋላው ሲጠሩት ካልዞረ፣ ዓመት ተኩል ሞልቶት አንድም ቃል ካላወጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ካልዳነስ? ካልዳነም ይማራል። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አለ። ፊደላችን በእጅም ይነገራል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እኛ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» በአፍ ስንል፣ እነርሱ በእጃቸው ይላሉ። በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል።

እናቶች፣ አባቶች! የማይሰማ ልጅ በጓዳ አይደበቅ፤ ከብት ጠባቂ ሆኖም አይቅር። ትምህርት ቤት ገብቶ ከፊት ይቀመጥ። ስናናግረው ፊታችንን ይይ። ፊደል ሲያውቅ ጽፈን እናነጋግረዋለን፤ እርሱም ጽፎ ይመልስልናል። «ደንቆሮ» የሚለውን ስድብ ግን ዛሬውኑ ከአፋችን እናውጣ።