የሞተሩ ኃይልና የባለቤቱ ኅሊና

በዛሬው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፒካፕ የሚነዳ ሰው፣ ከመሪው በታች በተሸሸገችው አንዲት ሶኬት በኩል፣ የአምራቹ ወኪል ጋራዥ የሚጭነውን የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ ወይም ጉልበት ጨማሪው ባለሙያ የነዳጁን መጠን፣ የቱርቦውን ግፊትና የማርሹን አቀያየር የሚለውጥበትን ፕሮግራም ለሞተሩ ኮምፒውተር ማስረከብ ይችላል።

እኔ በበኩሌ የፊተኛውን ጻድቅ፣ የኋለኛውን ኃጥእ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ለራም ፒካፖች የናፍጣ ሞተር የሚሠራው ካሚንስ ኩባንያ ራሱ፣ በ2013 እና በ2019 እ.ኤ.አ. መካከል በተሠሩ 630,000 ሞተሮች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚያከሽፍ ሶፍትዌር አኑሯል ተብሎ በመከሰሱ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. 1.675 ቢሊዮን ዶላር መቀጫ ለመክፈል ተስማምቷልና።

ይሁን እንጂ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 የሚበልጡ የናፍጣ ፒካፖች፣ ጉልበት ለመጨመር በሚል ጭምር፣ የጭስ ማጣሪያቸው ከሥራ ውጭ ተደርጓል፤ ከእነዚህም የሚወጣው ጥቀርሻና መርዘኛ ጋዝ፣ ፈጣሪ ለሁሉ አስተካክሎ የሰጠውን አየር የሚበክል በመሆኑ፣ የግል ፈቃድ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፣ ጉልበት መጨመር ብትሹ፣ የአምራቹን የዋስትና ውል አስቀድማችሁ መርምሩ፤ ማጣሪያውን ግን ከቶ አታስነኩ።