ያልተጣደፈው ጨው

ባለፈው ወር በልጆች አገልግሎት ክፍላችን ቀላል ሙከራ ሠራን። በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 36 ግራም ያህል ጨው፣ አልሟሟም እስኪል ድረስ አማሰልን። ከዚያ ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን ምድጃ ላይ ጣድነው፤ ግማሹን በብርጭቆ አድርገን፣ ስስ ጨርቅ ሸፍነን መስኮት ዳር አስቀመጥነው።

የተጣደው ወዲያው ደርቆ ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። የመስኮቱ ግን ለቀናት ውኃ ብቻ መሰለ። «ይኼ አይሠራም፤ እንድፋው» አሉን።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት እህታችን ባመጣችው ማይክሮስኮፕ ሁለቱንም አየናቸው። በእሳት የደረቀው ደቃቅ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ የደፈረሰ ነበር። ቀስ ብሎ ያደገው ክሪስታል ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ እንደ መስተዋት የጠራ፣ አራት ማዕዘን ነበር። ሁለቱም ያው ጨው ናቸው፤ የለያያቸው ያገኙት ጊዜ ነው።

እኛ አስተማሪዎቹ ዝም አልን። አምና ከመጠጥ የተመለሰ አንድ ወንድማችንን ገና በሦስተኛ ሳምንቱ መድረክ ላይ አውጥተን አስመስክረነው ነበር። ጉባኤው እልል አለ። ተመልሶ ሲወድቅ ግን ማናችንም አጠገቡ አልነበርንም፤ እርሱም አፍሮ ቀረ።

ጌታ የምድር ጨው ናችሁ ሲለን፣ የሚሠራን እርሱ እንጂ ጥድፊያችን አይደለም።

እሑድ ማታ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ስለ መድረክ አላነሣንም፤ ቡና ጠጣን፣ ጸለይን። በዚህም ሳምንት እንሄዳለን።

እናንተስ፣ ያጣደፋችሁት ሰው አለ? ጌታ ትዕግሥቱን ያብዛልን። አሜን።