አሱራና ሱራ

በሂንዱ እምነት መጻሕፍት ውስጥ አሱራ የሚባሉት የአማልክት ጠላቶች ናቸው። ምድርን ያስጨንቃሉ፤ ሰማይን ለመያዝ ይዘምታሉ፤ በመጨረሻም በቪሽኑ ወይም በእናቲቱ አምላክ በዱርጋ እጅ ይወድቃሉ። በአማርኛ «አጋንንት» ብንላቸው የሚከራከረን አይኖርም። እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በሃይማኖት በር አይደለም። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ እንደ መሆኔ፥ «ጠላት» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ እንዴት እንደሚፈጠር ሳጠና፥ ካርል ሽሚት የፖለቲካ መለያው ወዳጅን ከጠላት መለየት ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1932 በመጽሐፍ ያወጣውን ሐሳብ ደጋግሜ አንብቤ ነበር። ጠላት ስሙን ከየት እንደሚያገኝ ግን ከሽሚት ይልቅ የሳንስክሪት ሰዋስው አስተማረኝ።

ከሁሉ በሚቀድመው መጽሐፍ በሪግቬዳ፥ ይኸውም በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ዓመት ባለው ዘመን በቃል በተደረሰው የመዝሙር ስብስብ ውስጥ፥ አሱራ የክብር መጠሪያ ነው። «ጌታ»፥ «ባለ ሥልጣን» እንደ ማለት ነው። ቫሩና በዚህ ስም ይወደሳል፤ ሚትራም፥ አግኒም፥ ኢንድራም እንዲሁ። እንዲያውም በሦስተኛው መጽሐፍ 55ኛው መዝሙር የአማልክት «አሱራነት» በየአንቀጹ መጨረሻ እንደ አዝማች እየተመላለሰ ይሞገሳል። አንዱ አካል በአንድ ጊዜ ዴቫም አሱራም ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ይህ ሁኔታ የሚለወጠው ዘግይተው በተደረሱት መዝሙሮችና በአታርቫቬዳ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ብራህማና በተባሉ የመሥዋዕት መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ አሱራዎች ራሳቸውን የቻሉ ጭፍራ ሆነው፥ ከዴቫዎች ጋር ማብቂያ በሌለው ጦርነት ውስጥ እናገኛቸዋለን።

የትውልዳቸው ነገር ከዚህ ይብሳል። ብሪሃዳራንያካ የተባለው ኡፓኒሻድ ሁለቱም ወገኖች የፍጥረት ጌታ የፕራጃፓቲ ልጆች እንደ ሆኑ ሳያፍር ይናገራል፤ አሱራዎቹም ታላላቆች፥ ዴቫዎቹ ታናናሾች ናቸው። በኋላ የተጻፉት ፑራናዎች የዘር ሐረጉን ዘርዝረውታል። ካሽያፓ የተባለው ጠቢብ ከዳክሻ ሴቶች ልጆች ብዙዎቹን አገባ። ከአዲቲ አሥራ ሁለቱ አዲትያዎች፥ ከዲቲ ዳይትያዎች፥ ከዳኑ ዳናቫዎች ተወለዱ። እንግዲህ የሰማይ ጦርነት የሚካሄደው በአንድ አባት ልጆች መካከል ነው፤ የሚለያቸው የእናት ስም ብቻ ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት አሱራን «አሱ»፥ ማለትም እስትንፋስ፥ ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል፤ ከብራህማናዎቹ አንዱም ፕራጃፓቲ አሱራዎችን ከእስትንፋሱ ፈጠረ ይላል። በዚህ ስም ውስጥ ምንም አሉታ የለም። ዳሩ ግን በሳንስክሪት በቃል መነሻ ላይ የምትገባ «አ» ብዙ ጊዜ አፍራሽ ናት። «ሂምሳ» ጉዳት ማድረስ ነው፤ ጋንዲ በዓለም ያስታወቀው «አሂምሳ» ደግሞ አለመጉዳት። በእኛ ዘንድ ከግእዝ የወረስናት «ኢ» ይህንኑ ሥራ ትሠራለች፤ ሰብአዊ የነበረው ኢሰብአዊ ይሆናል። ጠላትነቱ ከበረታ በኋላ አሱራን የሰማ ጆሮ «አ»ን እንደ አፍራሽ ቆጠራት። አሱራ ማለት «ሱራ ያልሆነ» ሆነ። ሱራ ያልሆነ ካለ ሱራ የሆነም መኖር አለበት፤ እሱም አምላክ ሆነ። በሪግቬዳ ውስጥ በአምላክ ትርጉም የማይገኘው «ሱራ» በኋለኛው ሳንስክሪት ከተለመዱት የአማልክት መጠሪያዎች አንዱ ሆኖ ቀረ።

አንድ ሊቅ ተነሥቶ «ኢትዮጵያ» በሚለው ስም ላይ ያለችው «ኢ» አፍራሽ ናትና «ትዮጵያ» የሚባል ተቃራኒ አገር አለ ቢለን እንስቅበታለን። በዚያ ግን አልተሳቀም፤ አገሩ ተገኘ፥ ነዋሪም ተሰጠው። ከዚህም አልፎ ማብራሪያ ተበጀለት። በራማያና እንደሚተረከው፥ ባሕር ሲናጥ የወይን ጠጅ እመቤት ቫሩኒ ወጣች፤ የአዲቲ ልጆች ተቀበሏትና ሱራ ተባሉ፥ የዲቲ ልጆች እምቢ አሏትና አሱራ ተባሉ። እዚህ ላይ ሳልፈግግ ማለፍ አልቻልኩም፤ በዚህ ታሪክ ከመጠጥ የራቁት አጋንንቱ ናቸው። የዲቲ ስም ራሱ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። አዲቲ «ያልታሰረች» ማለት ነው፤ ዲቲም ከዚሁ ስም «አ»ን በመቁረጥ የተገኘች ተቃራኒ ናት ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙ ናቸው።

ድንበር ሲሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል። የሳንስክሪት «ስ» በኢራን «ህ» ይሆናል፤ «ሂንዱ» የሚለው ስም እንኳ ሲንዱ የተባለውን ወንዝ የፋርስ ሰዎች በዚህ መልክ ከጠሩበት አጠራር የመጣ ነው። በዚሁ ሕግ አሱራ «አሁራ» ይሆናል፤ አሁራ ማዝዳም የዘራቱስትራ ተከታዮች ታላቅ አምላክ ነው። ዴቫ ግን በዚያ «ዳይቫ» ተብሎ እርኩስ መንፈስ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ486 እስከ 465 የነገሠው ዜርክሲስ በፐርሴፖሊስ ባስቀረጸው ጽሑፍ የዳይቫዎችን መስገጃ እንዳፈረሰ ይኮራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ማርቲን ሃውግ ከዚህ ተነሥቶ ሁለቱ ሕዝቦች በሃይማኖት ጠብ ተለያይተዋል ብሎ ነበር። ሐሳቡ ይማርካል፤ ነገር ግን አሱራ በጥንቱ ሪግቬዳ ገና የከበረ ስለ ነበር ለውጡ በየአገሩ ለየብቻ የመጣ ይመስላል። ዋሽ ኤድዋርድ ሄል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ቃሉ ለሰው አለቆችም ይነገር እንደ ነበር አሳይቷል። ለእኔ ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ባላጋራው ጌታ እየተፈራ ሲሄድ «ጌታ» የሚለው ቃል ራሱ ጠላት ሆነ።

የዚህ መጽሔት አንባቢ ይህን ሲያነብ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1968 በሐምቡርግ፥ ሌላው በ1972 በበርሊን የተመሠረቱት ሁለት ድርጅቶች፥ መኢሶንና ኢሕአፓ፥ ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ ማኅፀን የወጡ ነበሩ። «ባንዳ» እና «አናርኪስት» የሚሉት ስሞች ከጥይቱ ጋር አብረው ሠርተዋል። «ፀረ» የምትባለው መነሻ በዚያ ዘመን ስንት ሰው እንደ ጨረሰች ከእኛ የሚቀድመው ትውልድ ይናገር።

በሕንድ የስሙ ክርክር አላበቃም። ጆቲራኦ ፉሌ እ.ኤ.አ. በ1873 «ጉላምጊሪ»፥ ማለትም «ባርነት»፥ ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ የአሱራውን ንጉሥ ባሊን የገበሬዎች ደግ ንጉሥ አድርጎ አቀረበው፤ መጽሐፉንም ባርነትን ለሻሩት የአሜሪካ ሰዎች መታሰቢያ አደረገ። በጃርካንድ ተራሮች ብረት አቅላጭ የነበረ፥ እስከ ዛሬ «አሱር» የሚባል ሕዝብ አለ፤ የዱርጋ ድል በሚከበርበት ሰሞን ከእነሱ መካከል ለተገደለው ለማሂሻሱራ የሚያዝኑ አሉ። በጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ ከዝቅተኛ የዘር መደብ የመጡ ተማሪዎች ከ2011 ጀምሮ ማሂሻሱራን እንደ ሰማዕት ሲዘክሩት ነገሩ እያደገ ሄዶ በ2016 በሚኒስትር አንደበት በምክር ቤት ተወገዘ።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን የኬረላ ተወላጆች የሆኑ ተማሪዎች ለኦናም በዓል ጋብዘውኝ ነበር። በኬረላ ባሊ «ማሃባሊ» ነው። ቪሽኑ በድንክ ብራህማን መልክ መጥቶ ሦስት እርምጃ መሬት ለመነው፤ በሁለቱ ምድርንና ሰማይን ጨረሰ፥ ለሦስተኛው ንጉሡ ራሱን አጎንብሶ ሰጠ፥ ከምድር በታችም ተላከ። በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን መጥቶ እንዲያይ ግን ተፈቀደለት። በእሱ ዘመን ሰው ሁሉ እኩል ነበር፥ ማታለልም አልነበረም ይላሉ። ልጃገረዶቹ በጋራ መኖሪያችን ደጃፍ ላይ የአበባ ቅጠል እየነጩ ክብ ምንጣፍ ሠሩ፤ መካከሉን ቢጫ አደረጉት። «የምትቀበሉት አሱራውን ነው ወይስ አምላኩን?» ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛዋ ቀና ሳትል፥ «ንጉሣችንን ነው» አለችኝ፤ ነፋሱ የበተነውንም አበባ መልሳ መደርደር ጀመረች።