ከናሳ ሀብሎድ መልስ

ስለ እግር ጉዞ ሲነሣ ዘወትር የሚነገረው ለልብና ለሳንባ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። ይህ እውነት ነው። ሆኖም አብረው የተጓዙ ወዳጆች ከድካማቸው በኋላ በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚቀመጡባት ሰዓት ከጉዞው የማታንስ ዋጋ እንዳላት በሐርጌሳ ያገኘነው አጋጣሚ አስተምሮናል።

በሥራ ምክንያት በዚያች ከተማ የምንኖር ስምንት ኢትዮጵያውያን ነን። ከመካከላችን ግንበኛም፣ መምህርም፣ ልብስ ሰፊም አለ፤ ሦስቱ ባለትዳሮች ከነሚስቶቻቸው ናቸው። በሐርጌሳ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ከከተማ ወጣ ብለን መመለስን ልማድ አድርገነዋል። በዚህ በጥር ወር ጉዟችን ግን አንድ እንግዳ ተጨመሩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው።

የተቀጣጠርነው በከተማዋ መካከል፣ ሚግ አውሮፕላን በቆመበት ሐውልት ሥር ነበር። ሐውልቱ የ1980 ዓ.ም. መታሰቢያ ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋን ሲያጠቁ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከሐርጌሳው አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ አውሮፕላኖችን በራሷ በሐርጌሳ ላይ አዘመተ። ከተማዋ ፈረሰች፤ በሕይወት የተረፈው ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጎረፈ። ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው አውሮፕላኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ አንድ ቃል ግን አልተናገሩም። ልጃቸው ወደ እኛ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ ስለ ጦርነት ሲነሣ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው» አለችን።

በሚኒባስ እስከ ከተማዋ ዳር ከሄድን በኋላ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደሚታዩት ሁለት ሾጣጣ ኮረብቶች በእግር አመራን። ሶማሌዎች ናሳ ሀብሎድ ይሏቸዋል፤ የልጃገረድ ጡቶች ማለት ነው። ሃምሳ አለቃ ገና ከመነሻችን ሥርዓት አስያዙን። «ደካማው ከፊት ይሁን፤ ብርቱው ከኋላ ይከተል። ከኋላ የቀረ ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል» አሉ። ውሃውንም ጥቂት በጥቂት እንድንጎነጭ አዘዙ። ከፊት እንዲሄዱ የተመረጡት፣ በዚያው ሕግ መሠረት፣ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ! ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

መንገዱ በግራርና በሬት መካከል የሚያልፍ አሸዋማ መሬት ነው። የግመል መንጋ የሚነዳ ልጅ ሰላም ብሎን አለፈ፤ አንዲት እንሹም ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ ብላ ተሰወረች። ከኮረብታው ግርጌ ዐርፈን፣ ሴቶቹ በነጠላ ቋጥረው ያመጡትን ዳቦ ቆሎ ተካፈልን። ከዚያ ሆኖ ሲታይ፣ በዚያ ዘመን ፈርሳ የነበረችው ከተማ ጣራዋ በፀሐይ እያብረቀረቀ እስከ አድማስ ተዘርግታለች።

በመልሱ ጉዞ ሃምሳ አለቃ፣ «እንግዲህ እንዲህ ካለው ጉዞ በኋላ አንድ ብርሌ ጠጅ ነበር» ብለው ቀለዱ። በሀገራችን ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ በሶማሌላንድ ግን የአልኮል መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የእኛ ጠጅ ቤት በመንገድ ዳር ያለች፣ በላስቲክ ወንበር የተሞላች ሻይ ቤት ሆነች። ቀረፋ፣ ሄል፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል የተቀላቀለበት የወተት ሻይ ቀረበልን፤ እንጀራችንን የሚመስለው ለሆህም ተከተለ።

ሃምሳ አለቃ አሳላፊውን በሶማሊኛ ማመስገናቸውን የሰሙ፣ በአጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር አሉ። በተሰባበረ ግን በሚገባ አማርኛ፣ «ቋንቋችንን የት ተማሩት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጅግጅጋ።»

«መቼ?»

ሃምሳ አለቃ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በወታደርነቴ ዘመን። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ነበርኩ።»

በገበታችን ዙሪያ ዝምታ ሆነ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የተጀመረውን የሶማሊያ ወረራ የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም። ጅግጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ድረስ በሁለቱም ወገን ስንቱ እንደወደቀም ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ልጃቸው የአባቷን እጅ ያዘች።

ሽማግሌው ጥቂት ቆይተው፣ «ታላቅ ወንድሜም እዚያ ነበር፤ አልተመለሰም» አሉ። ቀጥለውም ታሪካቸውን ነገሩን። ወንድማቸውን ያዘመተው መንግሥት ከዐሥር ዓመት በኋላ ቤታቸውን በቦምብ ሲያፈርስ፣ ልጆቻቸውን ተሸክመው ወንድማቸው ወደሞተበት ሀገር ተሰደዱ። ከጅግጅጋ ወዲያ በሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ ውሃ በቦቴ እየመጣ በወረፋ ሲጠጡ ኖሩ፤ አማርኛም የተማሩት እዚያው ገበያ ነው። ያ ካምፕ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው።

«ወላል» አሉ ሽማግሌው፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የወደቁትን ቀበራችኋቸው?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በዚያች ሰዓት ግን የረሳም፣ ያልተወጋም አልነበረም። ሁላችንም ሃምሳ አለቃ የሚያጽናና ቃል ፈልገው «አዎን፣ ሁሉንም» እንዲሉ በልባችን ተመኘን። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣ «ሁሉንም ቀብረናል ብል እዋሻለሁ። በነበርንበት አካባቢ ያገኘናቸውን ግን አልተውናቸውም፤ የእኛንም የእናንተንም። የማን እንደሆነ ለመለየት ያቃተንም ጊዜ ነበር» ሲሉ መለሱ።

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ጸሎት የሚመስል ነገር በከንፈራቸው አነበነቡ። ከዚያም አሳላፊውን ጠርተው ለሁላችንም ሁለተኛ ሻይ አዘዙ። ልንከፍል ብንታገል፣ «በሐርተሼክ እናንተ አስተናግዳችሁኛል፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው» ብለው አሻፈረኝ አሉ። የዓርብ ጸሎት ጥሪ ሲሰማ ተነሥተው ሃምሳ አለቃን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሄዱ።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ልጅቱ ከአባቷ ጋር ከኋላ ቀረች። ሕጉን ማፍረሳቸው ነበርና ማንም አልወቀሳቸውም። በኋላ እንደነገረችን፣ ከአባቷ ጋር በአንድ ቤት ስታድግ ስለ ካራማራ አንድም ቀን ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። እናቷም ሌሊት ሲባንኑ ውሃ ከማቀበል በቀር ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ ጠይቀው እንዳያሳዝኗቸው ብለው። እሳቸውም ነግረው እንዳያስጨንቁ ብለው ዝም አሉ። እንዲህ ሁለቱም በመተሳሰብ አርባ ዓመት ተለያይተው ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ በዓርብ ጉዟችን ይህን ደጋግመን እናነሣለን። ወታደር የሆነ ባል ፊት ለፊት ተቀምጦ «ንገረኝ» ሲባል ቃል ሊያጥረው ይችላል። ጎን ለጎን እየሄደ፣ ዐይኑ በመንገዱ ላይ ሳለ፣ ኋላም ትኩስ ነገር በእጁ ይዞ ከሚታመኑ ወዳጆች ጋር ሲቀመጥ ግን የታሰረው አንደበት ይፈታል። ለዚህ ናሳ ሀብሎድ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፤ ከሰፈራችሁ ጀርባ ያለው ኮረብታ ይበቃል። ጥቂት ቆሎና አንድ ኮዳ ውሃ ያዙ። ደካማው ከፊት ይሁን። በመልሳችሁም ለመቀመጥ አትቸኩሉ አንልም፤ ለመነሣት ግን አትቸኩሉ።

ሃምሳ አለቃ ወደ ድሬዳዋ ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው ስልክ ደውላ ነበር። አባቷ ቤት አልነበሩም፤ ከእናቷ ጋር በእግር ወጥተዋል ተባለች።