የእጅ ልክና የጽሕፈት ልክ

ዕውቀት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ ኹለት ነው፤ አንዱ ጽሕፈት፥ ኹለተኛውም እጅ ነው። በጽሕፈት የተቀመጠው ነገር ዘመን ይሻገራል፤ ነገር ግን ከእጅ የተለየ እንደ ኾነ ቃሉን መስጠት የማይችል ምስክር ይኾናል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ኹሉ እንደምናውቀው፥ የድጓው ምልክት በብራና ላይ ተጽፎ ሳለ፥ ከመምህሩ አፍ ያልተቀበለው ተማሪ ሊያዜመው አይችልም። ይህ ነገር በዜማ ብቻ ሳይኾን በወጥ ቤትም እውነት መኾኑን በሀንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ ስለ ተመለከትን፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ያህል ለክቡራን አንባቢዎች እንጽፋለን።

አጎታችን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ለትምህርት ወደ ሀንጋሪ ሄደው፥ በዚያው ትዳር ይዘው ኖሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ባለቤታቸውን እትዬን ለመጠየቅ በታኅሣሥ መባቻ ሄድን። እትዬ የአገሩ ተወላጅ ሲኾኑ አማርኛን ከአጎታችን ተምረው ደኅና አድርገው ይናገራሉ። አንድ ልጃቸው በሌላ አገር ይኖራል፤ ለልደት በዓል የሚጋገረውን ጣፋጭ አሠራር ስለ ለመናቸው፥ ከአያታቸው ደብተር ቃል በቃል ገልብጠው ልከውለት ነበር። ልጁ ግን «እንደ ደብተሩ አደረግሁ፤ የእናቴ ግን አልኾነም» ሲል መለሰ። ስለዚህ እትዬ፦ «ልጄ፥ አንተ በዳኞች ፊት የሰውን ቃል የምትጽፍ ነህና፥ እጄ ሳይደክም የእጄን ቃል ጻፍልኝ» አሉን። እኛም እሺ ብለን ወረቀት ይዘን ወጥ ቤት ገባን።

ይህ ጣፋጭ ቤይግሊ ይባላል። ሊጡ በሥሡ ተዳምጦ፥ መሙያ ተቀብቶበት፥ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው። ስሙ «ማጠፍ» ከሚል የጀርመን ቃል የመጣ ሲኾን፥ በሀንጋሪ የተስፋፋው በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። መሙያው ኹለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዋልነት የሚባለው ባለ ጠንካራ ቅርፊት ፍሬ ነው፤ ኹለተኛውም እነርሱ «ማክ» የሚሉት፥ እንደ ጤፍ የደቀቀ፥ መልኩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር የአበባ ፍሬ ነው። ማክ ሳይፈጭ ጣዕሙን አይሰጥምና፥ ለእርሱ ብቻ የተሠራ ትንሽ የእጅ ወፍጮ አላቸው። እንደ አገሩ ልማድ ማክ የበረከት፥ ዋልነትም ከክፉ ነገር የመጠበቅ ምልክት ነው ይባላል።

ደብተሩን በገለጥነው ጊዜ ጽሕፈቱ ያማረ ነበር፤ ልኩ ግን የባለ ቤቲቱ እጅ ነው። «የቢላዋ ጫፍ ያህል ጨው» ይላል፤ «የቢላዋ ጀርባ ያህል እስኪሣሣ ይዳመጥ» ይላል፤ የዱቄቱን መጠን ሲያመለክትም «ሊጡ የሚቀበለውን ያህል» ብሎ ያልፋል። በችሎት ምስክር «ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር» ባለ ጊዜ፥ ዳኛው «ስንት ክንድ ይኾናል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛም እትዬን እንደዚሁ ጠየቅን። እርሳቸው በእጃቸው እየዘገኑ ሲጨምሩ፥ እኛ የዱቄቱን ከረጢት አስቀድመንና በኋላ መዘንነው፤ 50 ዴካ ኾነ። ዴካ ማለት የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ በገበያ የሚጠቀምበት ልክ ነው፤ 1 ዴካ 10 ግራም ነው። ለዚህም 20 ዴካ ቅቤ፥ 5 ዴካ የደቀቀ ስኳር፥ 2 የእንቁላል አስኳልና 2 ዴካ እርሾ የተበጠበጠበት ለብ ያለ ወተት ገባ። እትዬ ግን፦ «ሌላ ቀን፥ ሌላ ዱቄት እንደ ኾነ ልኩ ይለወጣል፤ ሊጡ እጅን ሲለቅና እንደ ጆሮ ጫፍ ሲለሰልስ በቃው ብለህ ጻፍ» አሉ። ቍጥሩንም ምልክቱንም ጻፍን።

ሊጡ በቀዝቃዛ ስፍራ ካረፈ በኋላ በ4 ተከፈለ፤ የመሙያውም ክብደት ከሊጡ ክብደት ጋራ እኩል እንዲኾን አደረጉ። በደብተሩ ላይ «እንቁላል ይቀባ» የሚል ቃል ብቻ ነበረ፤ ልጃቸው አስኳሉንና ነጩን አንድ ላይ መትቶ የቀባው ስለዚህ ነው። የእትዬ እጅ ግን አስቀድሞ አስኳሉን ብቻ ቀባ፤ በቀዝቃዛ ስፍራ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ከዚያም ነጩን ቀብቶ ዳግመኛ አደረቀ። በእሳት ጊዜ የላዩ ቆዳ እንደ እብነ በረድ ሥር የሚሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። እንፋሎቱ ጐኑን እንዳይቀደው በመርፌ ወጋግተው፥ በ180 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ጋገሩት።

ከልኩ ይልቅ ልባችንን የነካው በደብተሩ ዳር የተጻፈው ነበር። አያታቸው በየዓመቱ በበዓሉ ጊዜ አንዳንድ ቃል ይጽፉ ነበር። በ1944 የሶቭየትና የሮማኒያ ጦር ቡዳፔስትን በልደት ሰሞን ከቦ፥ ከተማይቱ እስከ የካቲት 1945 በረኀብና በመድፍ ስትጨነቅ ሳለች፥ የዚያ ዓመት ጽሕፈት «አልተጋገረም» የሚል አንድ ቃል ነው። በ1945 የአገሩ ገንዘብ ፔንጎ ዋጋ ባጣ ጊዜ «ስኳር የለም፤ በማር» ይላል። በነሐሴ 1946 ፎሪንት የሚባለው አዲስ ገንዘብ ከወጣ በኋላም «እንደ ቀድሞው» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ በታች «የዓሳማ ስብ» የሚለው ቃል ተሰርዞ፥ በሌላ እጅ «ቅቤ» ተብሏል፤ ይህም የእትዬ እጅ ነው። አጎታችን የዓሳማ ነገር እንዳይበሉ ሃይማኖታቸው ስለሚከለክላቸው፥ ባገቧቸው ዓመት የለወጡት መኾኑን ነገሩን።

በዓላቸው በጾመ ነቢያት ላይ ስለ ዋለ እኛ በዚያ ቀን አልቀመስንም። እትዬ ግን ለአጎታችን ያደርጉት እንደ ነበረው ኹሉ፥ አንዱን ጥቅልል በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እስከ ታኅሣሥ 29 አቆዩልን፤ በገና ዕለትም ቈርሰን ስለ ነፍሳቸው ጸለይን። የጻፍነውንም ለልጃቸው ላክን። እርሱም ጋግሮ፦ «ቆዳው የእናቴን መሰለ፤ ጣዕሙ ግን ጥቂት ይቀረዋል» ብሎ ጻፈ። እትዬ ሥቀው «የቀረውን መጥቶ ይውሰድ» አሉ።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፥ በየቤታችን ያሉ እናቶች የጠጁን ጌሾ፥ የድልሁን ቅመም፥ የድፎውን ሊጥ በእጃቸው ልክ ይዘው ይኖራሉ፤ ሲጠየቁም «በዓይኔ ነው የምመጥነው» ይላሉ። ጽሕፈት የሚያውቅ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ቢመዝንና ቢጽፍ መልካም ነው፤ ያልተሠራበትን ዓመትና ምክንያቱንም ጭምር ይጻፍ። ነገር ግን ከጻፈ በኋላ እጁን ታጥቦ ሊጡን ራሱ ያቡካ፤ እናቲቱ አጠገቡ ቆማ «አሁን በቃው» የምትልበት ዘመን አጭር ነውና።