33 ዲግሪ

ከቤታችን ጀርባ፣ ወደ ጅረቱ በሚወርደው ገደላማ ቦታ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ መሀሉ ላይ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። የእኔ መኪና እዚያ ስትደርስ አፍንጫዋን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ ትቆማለች። የእህቴ ልጅ ሪሞቱን እንደያዘ ዞር ብሎ "አጎቴ፣ አልታጠፍ አለች" ይለኛል። ባለፈው ጥር መካነ ሰላም በቆየሁባቸው ሁለት ሳምንታት ይህቺን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም።

መኪና ስላችሁ የምትሳፈሩባት አይደለችም። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታክል፣ ድንጋይ ለመውጣት የተሠራች የሪሞት መኪና ናት፤ ክሮውለር ይሏታል። ሞዴሏ አክሲያል ኤስሲኤክስ 10 ቱ ነው። ከውጭ የተመለሰ የሥራ ባልደረባዬ ሲጠቀምባት ቆይቶ ነው የሸጠልኝ። ፍጥነት የላትም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል። ግን ቁመቷን በሚያህል ድንጋይ ላይ እንደ ፍየል ትወጣለች።

ድንጋይ የሚያስወጣት ነገር ነው እንዳትታጠፍ የሚያደርጋት። ተራ መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ልዩነቱን ዲፈረንሻል ያስተካክላል። ክሮውለር ላይ ግን ዲፈረንሻሉ ተቆልፏል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠል እንኳ ሌላው መጎተቱን እንዳያቆም ነው። ስለዚህ በታጠፈች ቁጥር ጎማዎቿ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ እሷም ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች። ያለው መፍትሔ የፊት ጎማዎቹ ይበልጥ እንዲዞሩ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ በዲግሪ መካኒካል መሐንዲስ ነኝ፣ በሥራ ግን አዲስ አበባ ተቀምጬ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ። ይኼን ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም፤ ግማሾቻችሁም እንደዚያው ናችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ግን አሁንም "መሐንዲሱ" ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤት ወፍጮ ተበላሽቶ "መሐንዲሱ መጥቷል" ተባለና ተጠራሁ። አባቴ አብሮኝ መጣ። ሰዉ እህሉን ይዞ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ እኔ ወፍጮው ፊት ቆሜ አየሁት። በቃ፣ አየሁት። ከዚያ "ባለሙያ መጥራት ይሻላል" አልኩ። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ከብት ዋጋ ነበር ያወራልኝ።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። እንደ ማንኛውም ሶፍትዌር ሠራተኛ ችግሩን ከሴቲንግ ጀመርኩ። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ የሚባል ትንሽ ሞተር ነው፤ እስከ የት እንደሚዞር ሪሞቱ ላይ በመቶኛ ይሞላል። 100 የነበረውን 120 አደረግኩት። ጎማዎቹ ቅንጣት አልጨመሩም፤ ሰርቮው ግን ዚዝ ማለት ጀመረ። አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር።

"ይኼ ነገር እየተሰቃየ ነው" አለ።

እውነቱን ነው። ሞተር ከሁሉ የበለጠ ኤሌክትሪክ የሚስበው ልዙር ብሎ መዞር ሲያቅተው ነው። ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ቁጥሩን መለስኩት።

ከዚያ የልጁን የጂኦሜትሪ መሣሪያ ተበደርኩና በፕሮትራክተር ለካሁ፤ 33 ዲግሪ። አባቴ ስንት ነው ሲለኝ ነገርኩት። "በአንዱ ዲግሪ ሥራ ያላገኘህ፣ 33 ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 313 ሚሊሜትር ነው። ይኼን ለማዕዘኑ ታንጀንት ስታካፍሉት የምትዞርበት ክብ ራዲየስ ይወጣል። በ33 ዲግሪ 48 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ42 ዲግሪ 35 ገደማ። ይህ ወረቀት ላይ ነው፤ የተቆለፈው ዲፈረንሻል ሲጨመርበት ክቡ ይሰፋል። ቢሆንም 13 ሴንቲሜትር እዚያ ድንጋይ መሀል ብዙ ነው።

ማዕዘኑን የገደበው ደግሞ ተራ ነገር ነበር። ጎማውን ይዞ የሚዞረው ክፍል ዞሮ ዞሮ ከአክሰሉ ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ የሚጋጨውን ቦታ መሞረድ ነው። አባቴ ከአልጋው ሥር አንድ አሮጌ ሞረድ አወጣልኝ። ሁለት ከሰዓት ሙሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ሞረድኩ፤ ትንሽ ፍቄ እገጥማለሁ፣ እለካለሁ፣ እንደገና እፈታለሁ። አባቴ አንዴ መጥቶ እጄን ያዘና "ስትገፋ ብቻ ተጫነው፣ ስትመልሰው አንሳው" አለኝ። አምስት ዓመት መሐንዲስነት ስማር ይኼን የነገረኝ አልነበረም። ነግረውኝም ሊሆን ይችላል፤ ፈተና ላይ አልመጣማ።

42 ዲግሪ ደረስኩ። አሁን ጎማው የታችኛውን ዘንግ መፋቅ ጀመረ። ጎማዎቹን ወደ ውጭ በሚገፋ ስፔሰር ያንን ፈታሁ። ስፔሰሩ ደግሞ ሰርቮው ላይ ሸክም ጨመረ፣ ምክንያቱም ጎማው ከሚዞርበት ነጥብ ሲርቅ ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። እሺ፣ ይሁን አልኩ። ወደ ድንጋዩ ወረድን። ልጁ ነዳ። መኪናዋ ገባች፣ ታጠፈች፣ አፍንጫዋ ድንጋዩን ሳይነካ ሊያልፍ ሲል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የግራው የፊት ጎማ መሽከርከር አቆመ።

የተሰበረው ክሮቼራው ነው፤ ኃይል ከዘንጉ ወደ ጎማው የሚያሻግረው መስቀለኛ መገጣጠሚያ። ክሮቼራ አንድ ጠባይ አለው። ታጥፎ ሲሠራ የሚገባው ዙር ወጥ ቢሆንም የሚወጣው ወጥ አይደለም፤ በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። በ33 ዲግሪ ከአማካዩ 19 በመቶ ያህል ይፈጥናል። በ42 ዲግሪ 35 በመቶ። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ስትንቀጠቀጥ የነበረው ለዚህ ነው። ፈተና ላይ የመጣ ነገር ነበር፣ በትክክልም መልሼዋለሁ። የሞረድኩት ቦታ ይኼን ክሮቼራ ሲጠብቅ እንደነበር ግን አላሰብኩም።

መለዋወጫ አንድ ብቻ ነበረኝ።

ልጁ በጣም ከማዘኑ የተነሳ "ድንጋዩን ለምን አናነሳውም?" አለ። አትሳቁ፤ አፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት ይኼንኑ ነው። በ1860 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ያንን ሸክም በጅዳና በበሽሎ ገደል ለማሳለፍ ድንጋይ እያስፈለጡ መንገድ አሠርተዋል። መቅደላ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ ነው። ጋሪው ካልታጠፈ መንገዱን ማቃናት፤ በወር በወር እየተቆጠረ ያለቀ ሥራ ነው። የእኛ ድንጋይ ግን ሁለት ሰው አይነቀንቀውም፣ ሞክረናል።

መለዋወጫውን ገጠምኩ። ማዕዘኑ 38 አካባቢ እንዲቆም ፈለግኩ፤ ራዲየሱ 40 ሴንቲሜትር፣ ለክሮቼራውም ይሻለዋል። ችግሩ የሞረዱትን ነገር መመለስ አይቻልም። ሪሞቱ ላይ መገደብ ይቻል ነበር፣ ግን ጎማው ድንጋይ ሲመታ ቁጥር አይይዘውም፤ ተገፍቶ ያልፋል። ይኼን ለአባቴ ሳስረዳ ነገሩ ገርሞት አየኝ። ወጣትነቱን በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነው ያሳለፈው፣ መጀመሪያ ረዳት ሆኖ፣ በኋላ ሹፌር።

"ብሎን አታስርበትም እንዴ? የጭነት መኪና እኮ መሪው የሚቆመው በብሎን ነው። በእሱ ትጨምራለህ፣ ትቀንሳለህ። በዳዶ ትቆልፈዋለህ።"

በጋለ ሚስማር ፕላስቲኩን በሳሁ። ከተበላሸ ሬዲዮ የፈታናትን ብሎን ከነዳዶዋ አሰርኩ። እየላላሁ፣ እያጠበቅኩ፣ በፕሮትራክተር 38 ላይ ቆለፍኳት። አባቴ ያሰላሁበትን ወረቀት አንስቶ ከዓይኑ አርቆ አየው።

"ይኼ ነው አምስት ዓመት የተማራችሁት?"

"ከፊሉ" አልኩት።

አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ሦስታችንም ወረድን። ልጁ ሞከረ፤ በ38 ዲግሪ አፍንጫዋ ለጥቂት ነካ። "አሁንም አልታጠፍ አለች!" አለ። አባቴ እጁን ዘረጋና ሪሞቱን ተቀበለው። እስከዚያ ቀን ነክቶት አያውቅም። የቱ መሪ፣ የቱ ነዳጅ እንደሆነ ጠየቀ። መኪናዋን ቀስ ብሎ አስገባት፣ ድንጋዩን ልትነካ አራት ጣት ሲቀራት አቆማት፣ መሪውን ወደ ተቃራኒው መልሶ ትንሽ ወደ ኋላ ሳባት፣ እንደገና ወደ ግራ ጠመዘዘና ለቀቃት።

እኔ የስልኬን ካሜራ እየከፈትኩ ነበር። ቀና ስል ማዶ ላይ ነች፣ ልጁ ደግሞ "አባባ ስጠኝ፣ አባባ ስጠኝ" እያለ ሪሞቱን ሊነጥቀው ይታገላል። አባቴ እጁን ሽቅብ አንስቶ እየሳቀ አልሰጥም ብሎታል።