የአንድ ሰው ቡድን

ክረምት ሲባል በጆሯችን የሚመጣው የዝናብ ድምፅ ነው። በረዶም ቢሆን በእኛ ዘንድ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ማሳ መትቶ፣ ወዲያው ቀልጦ የሚጠፋ እንግዳ እንጂ ምድርን ለወራት ሸፍኖ ሰው የሚንሸራተትበት መንገድ አይደለም። «የክረምት ኦሎምፒክ» የሚለው ስያሜም ትርጉሙን ድንበር ላይ ጥሎ ወደ አማርኛ የገባ ይመስለኛል፤ ውድድሩ የሚካሄደው በየካቲት፣ በእኛ በጋ ነውና።

ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣልያኗ ቶሪኖ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ የተሰለፈው ቃል እንኳ በቅጡ ባላበጀንለት በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ቡድኑ ማለት እርሱ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ስኪንም የተማረው እዚያው ነው። አዲስ አበባ ሲመጣ ግን በረዶ ከየት ይምጣ? ጎማ የተገጠመለት ስኪ በእግሩ አስሮ አስፋልት ለአስፋልት ይለማመድ ነበር። (የታክሲ ረዳቶች ምን ብለውት ይሆን?)

የካቲት 10 ቀን የ15 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ተካሄደ። ወርቁን ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ ወሰደ። ሮቤል 83ኛ ወጣ።

ቀኔን ከባንክ መስኮት ጀርባ ቁጥር ስቆጥር ነው የማሳልፈው፤ ይህ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልሰፈረልኝም። በሲድኒ፣ መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመባትን የሰከንድ 9 መቶኛ በቃሉ የያዘ ሕዝብ 83ን የት ያስቀምጣታል? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ባወራሁለት ጊዜ ጉርሻውን ሳያቋርጥ «ታዲያ ምን ሊሠራ ሄደ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ትዝ አለኝ። በ1990 ዓ.ም. ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ከአሸናፊው 20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ፣ ከሁሉም መጨረሻ ገባ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ብዮርን ዴሊ ግን ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ያው ቦይት ቶሪኖ ላይ ከሮቤል ጋር በአንድ ውድድር ተሰለፈ፤ ከሮቤልም ኋላ ገባ። በመሮጫው ሜዳ ለወርቅ የሚተናነቁ ሁለት ጎረቤታሞች እዚያ ታች፣ ካሜራ በማይደርስበት ስፍራም ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

በዚህ ውድድር ተወዳዳሪዎች በጅምላ አይነሡም፤ በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። አትሌቱ ማንን እንደቀደመ፣ ማን እንደቀደመው በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ነጭ መንገድ፣ ጥድ፣ የገዛ ትንፋሹ። ማንም በማይጠብቀው መንገድ ላይ 15 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ግጥም ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ለሚያኖር ሰው ፈጽሞ ባዕድ ነገር አይደለም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2002 ዓ.ም.፣ ሮቤል በካናዳዋ ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ዳግመኛ ቀረበ። ርቀቱ ያው 15 ኪሎ ሜትር፤ ቡድኑም ያው አንድ ሰው። 93ኛ ወጣ።

ለባልደረባዬ አልነገርኩትም።